ከፈረስ ሜዳ የመጣ አሚን

ሽማግሌ የላከ ወንድ ምን እየሠራ ይጠብቃል? ይህን የሚነግረው ሰው የለም። ሽማግሌዎቹ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ይሄዳሉ። የልጅቷ ቤተሰብ ቤቱን አሰናድቶ ይጠብቃቸዋል። ልጅቷ ራሷ ጓዳ ሆና ጆሮዋን በር ላይ ለጥፋ ታዳምጣለች። ነገሩ ሁሉ የሚደረግለት ሰውዬ ግን ወጉ ስለማይፈቅድለት እዚያ ቤት ድርሽ አይልም። የትም ሆኖ ጥፍሩን ሲበላ ያምሽ፣ ማንም ግድ የለውም።

ሰዒድ ያን ቅዳሜ ጥፍሩን ሊበላ ያሰበው ካልጋሪ ኤርፖርት ነበር፤ ታክሲውን ወረፋ አስይዞ፣ ስልኩን ጭኑ ላይ አድርጎ። ለላካቸው ሽማግሌዎች፣ ለጋሼ አብዱራህማንና ለጋሼ ጥላሁንም የነገራቸው ይህንኑ ነው። «ሺፍት ላይ ነኝ፣ ኤርፖርት ነው የምሆነው፤ ሲያልቅ ኮል አድርጉልኝ» አላቸው። ሲናገር አልዋሸም። ግማሽ ሰዓት ያህል እንኳ ተሰልፎ ቆይቷል። ከዚያ ወዲያ ግን መቀመጫው ቆረቆረው። ከሰዓት በኋላ የጣለው ዝናብ አባርቶ ሰማዩ ጠርቷል፣ የሐምሌ ጀንበር ለመጥለቅ ገና ብዙ ይቀራታል፣ ስልኩ እንደሆነ አይጮህም። ከወረፋው ወጣና ወደ ሰሜን ነዳ። እጁ ሳያውቀው መሪውን አዞረው ብንል ለእሱ ማዘናችን ነው፤ ግን ውሸት ይሆናል። ሰዒድ የት እንደሚሄድ አሳምሮ ያውቅ ነበር።

የፈረስ ሜዳው ከኤርፖርቱ ሩቅ አይደለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ እሽቅድምድም አለ። ሰዒድ ይህን ሜዳ ያወቀው በሥራው ነው። ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ኮክረን የሚኖሩ አንድ አዛውንት ደንበኛ ነበሩት፤ በየሳምንቱ አምጥቶ ያደርሳቸውና ጨርሰው እስኪወጡ ይጠብቃቸዋል። አንድ ቀን ብርድ ነው ብለው ይዘውት ገቡ። የፈረሶቹን ታሪክ የያዘውን ፕሮግራም ዘርግተው፣ ያ ሁሉ ጥቃቅን ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ በጣታቸው እያመለከቱ አስተማሩት። ይህች ፈረስ ባለፈው ስንተኛ ወጣች፣ በስንት ሜትር፣ መሬቱ ደረቅ ነበር ወይስ ጭቃ፣ ማን ጋለባት፣ ከነማን ጋር ሮጠች። ሰዒድ ነገሩ ቶሎ ገባው። በጣም ቶሎ ነው የገባው፤ ጥፋቱም ከዚያ ጀመረ።

በሩ ላይ ሲደርስ «ማየት ብቻ» አለ ለራሱ። «ወረቀት ማንበብ ሐራም አይደለም።» እንዲህ እያለ ፕሮግራሙን ገዛ። ሸሚዙ ኪስ ውስጥ የዚክር መቁጠሪያው፣ ተስቢሁ፣ ነበር፤ እሱን ወደ ሱሪው ኪስ አዛወረው። ለምን እንዳዛወረው ራሱን አልጠየቀም፤ ቢጠይቅ ኖሮ እግሩ ወደ መኪናው ይመልሰው ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ከሚላ ካልተናገርን የሰዒድ ጥፋት ቀላል ይመስላል።

ከሚላ ዳውንታውን ካሉት የነዳጅ ኩባንያዎች በአንዱ አካውንታንት ናት። የከተማው ባቡር፣ ሲትሬኑ፣ በበረዶ የቆመ አንድ ጠዋት ታክሲው ውስጥ ገባችና እስከ ቢሮዋ ድረስ ጭቅጭቅ ያዙ፤ እሷ አማርኛዋ ስለሚሰባበር አትናገሪ ያላት መስሏት ተቆጥታ፣ እሱ ደግሞ ከኮምቦልቻ ወጥቶ እንዲህ ያለ ጣፋጭ የተሰባበረ ነገር ሰምቶ ስለማያውቅ እየሳቀ። ስትወርድ ሁለቱም ተሸንፈው ነበር። እሷ ባለ ዲግሪ፣ እሱ ባለ ታክሲ መሆኑ ሰዎች እንዳወሩት አላስቸገራቸውም። ያስቸገራቸው ሌላ ነው።

የከሚላ አባት ይማም፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ቤታቸውን በፈረስ ቁማር ነው የጨረሱት። ያኔ እሷ ትንሽ ልጅ ነበረች። እናቷ ቢሮ ሲያጸዱ ስለሚያመሹ አባቷ ይዘዋት ይወጡና፣ ከሜዳው ደጅ መኪናውን አቁመው፣ መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ከፍተው፣ ጭማቂና ብስኩት ሰጥተው «መጣሁ የኔ እመቤት» ብለው ይገባሉ። ከሚላ የልጅነት ምሽቶቿን የኋላ ወንበር ላይ ሆና ጥሩምባውን፣ ማይክራፎኑን፣ የሰዉን ጩኸት ስታዳምጥ አሳለፈች። ይህን ሁሉ ለሰዒድ የነገረችው ባለፈው የበረዶ ወራት፣ ከታክሲው የፀሐይ መከለያ ላይ የታጠፈ ፕሮግራም የወደቀባት ቀን ነው። ነግራው ወረደችና ስንት ሳምንት ስልኩን ሳታነሳ ቀረች። የረመዳን ዋዜማ ደጇ ድረስ ሄዶ «ከእንግዲህ እግሬ ያን ሜዳ አይረግጥም» አላት።

«ወላሂ በል አልልህም» አለችው። «አባዬ ብዙ ወላሂ ብሏል። ዝም ብለህ ተው። ጀስት ተው።»

ተወም። እስከ ዛሬ ማታ ድረስ።

ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ የሄዱ ጊዜ የከሚላ እናት እትዬ መዲና እንደ ደንቡ ቀጠሮ ሰጧቸው። ሲሸኟቸው ግን በሩ ላይ አቆሟቸው። «ስለ ሥራው አልጠይቅም፣ ስለ ዘሩም አልጠይቅም» አሉ። «አንድ ነገር ብቻ አጣሩልኝ። ቁማር ይነካል?»

ጋሼ ጥላሁን ሊያጣሩ ኤርፖርት ድረስ መጡ። ጋሼ ጥላሁን ክርስቲያን ናቸው፤ ወሎዬ ሽማግሌ ሲላክ ግን መስጊድ የሚሄደውና ቤተክርስቲያን የሚሄደው ጎን ለጎን ነው የሚቀመጠው። ሰዒድን ካልጋሪ የገባ ለት የተቀበሉት፣ ታክሲ ያስያዙት እሳቸው ናቸው። «ዓይኔን እያየህ ንገረኝ» አሉት።

ሰዒድ ሳቀ። «ኧረ ጋሼ! እኔና ቁማር ምንና ምን ነን?»

«በቃ። ዋስህ እኔ ነኝ» አሉና ትከሻውን መታ መታ አድርገውት ሄዱ። ሰዒድ ከረመዳን ወዲህ ንጹሕ ስለነበር ሳቁን ውሸት ብሎ አልቆጠረውም። ያ በትከሻው ላይ ያረፈ እጅ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተነሳለትም።

አሁን እዚያው ሜዳ፣ አጥሩ ጥግ ቆሟል። በመጀመሪያዎቹ ውድድሮች እጁን ሰብስቦ አየ። በልቡ እየመረጠ፣ የመረጣቸው እያሸነፉ። ይህን የማያውቅ ሰው ደስ የሚል ይመስለዋል፤ የሚያውቅ ግን በባዶ እጅ ትክክል መሆን እንዴት እንደሚያንገበግብ ይረዳዋል። ስድስተኛው ውድድር ሊደርስ ሲል ጣቱ አራት ቁጥር ላይ ቆመ። ፕሬሪ ላንተርን የምትባል ባዝራ ናት። ባለፉት ጊዜያት ስትሮጥ ከኋላ ከኋላ ነው የጨረሰችው፤ ስለዚህ ሕዝቡ ንቋታል፣ ብታሸንፍ ለአንድ ዶላር ዘጠኝ ትከፍላለች። ሰዒድ ግን ወደ ታች ወርዶ አነበበ። የተሸነፈችባቸው ሁሉ ረጅም ርቀት፣ ደረቅ መሬት ነበሩ። እርጥብ መሬት ላይ የሮጠችው አንዴ ብቻ ነው፤ ያኔ ደግሞ ማንም አልደረሰባትም። ዛሬ ርቀቱ አጭር ነው። መሬቱ ዝናብ ጠጥቷል።

ፈረሶቹ ከመውጣታቸው በፊት እየተሽከረከሩ ወደሚታዩበት ቦታ ሄደ። ሰው ሁሉ የሚጮህለት ፈረስ ገና ሳይሮጥ ጭኑ አረፋ ደፍቋል። ፕሬሪ ላንተርን ግን ጆሮዋን ወደፊት አቅንታ፣ ላብ የሚባል ሳይታይባት፣ ረጋ ብላ ትራመዳለች። አየችው። እሱን ብቻ ያየች መሰለው። ቁማርተኛ ሁሉ እንዲህ ይመስለዋል።

«ሃያ ዶላር፣ አራት ቁጥር፣ እንድታሸንፍ» አለ የውርርዱ መስኮት ጋ። ትኬቷ ከማሽኑ ስትወጣ ትንሽ ትሞቃለች። ተስቢሁ የወጣበት ኪስ ውስጥ ከተታት፤ ልቡ ግን ወዲያው ወደ ከሚላ ቤት፣ ወደ ሞንተሬይ ፓርክ በረረ። እዚያ ቤት አሁን ስለ እሱ መልካም ነገር እየተወራ ነው። ያፈረውን ያህል በሕይወቱ አፍሮ አያውቅም፤ መስኮቱ ጋ ተመልሶ ትኬቷን ሰርዙልኝ ለማለት ግን አልተንቀሳቀሰም።

ፈረሶቹ መነሻው ጋ ሲሰለፉ ስልኩ ጮኸ። ጋሼ አብዱራህማን።

በዙሪያው ያለው ጫጫታ ሌላ ነው። ሰዒድ ሮጠ። ያገኘው የመጀመሪያ በር የሽንት ቤቱ ነበርና ዘሎ ገብቶ ዘጋው። ጸጥ ያለ መሰለው። «አቤት ጋሼ» አለ እያለከለከ።

«ልጄ ሰዒድ! እንኳን ደስ አለህ! ሰጥተውናል!» ጋሼ አብዱራህማን ድምፃቸው በደስታ ይንቀጠቀጣል። «ጋሼ ጥላሁን ስለ አንተ የተናገሩትን ብትሰማ! እትዬ መዲና አለቀሱ። በል፣ ስፒከር ላይ ነህ። ዱዓ ልናደርግ ነው፣ አብረኸን አሚን በል።»

ከሚላ የእሱ ሆነች! ግድግዳውን ተደግፎ እንባው መጣ። በዚያው ቅጽበት የቆመበትን አየ። ሽንት ቤት ውስጥ የአላህ ስም አይነሳም፤ ይህን ገና ልጅ እያለ ነው የተማረው። ለገዛ ትዳሩ ለሚደረግ ዱዓ ከሽንት ቤት አሚን ሊል ነው? ስልኩን ሚዩት አደረገና ወጣ። የወጣው ደግሞ የት ነው? እዚያው ጩኸቱ መሐል።

«ያ ረቢ፣ ትዳራቸውን የበረካ አድርግላቸው!» አሉ ጋሼ አብዱራህማን። እዚያ ቤት ያለው ሁሉ አሚን አለ፤ የጋሼ ጥላሁን ወፍራም አሜን ከሁሉ በላይ ይሰማል። ሰዒድም ድምፁ እንደማይሰማ እያወቀ አሚን አለ። የመነሻው በር ተከፈተ፤ ፈረሶቹ ወጡ።

«ያ ረቢ፣ ሐላል ሲሳይ ስጣቸው!»

አሚን አለ፤ አሁንም ለራሱ ብቻ። ሐላል የሚለው ቃል ሲነሳ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ሲገልጠው ፈረሶቹ ኩርባው ላይ ናቸው።

«ሰዒድ፣ አልሰማንህም እኮ ልጄ» አሉ ጋሼ አብዱራህማን። «አሚን በል እንጂ! የራስህ ዱዓ ነው።»

ዝም ቢል በገዛ ዱዓው ላይ አሚን ያላለ ሰው ይሆናል። ሚዩቱን ቢያነሳ ሜዳው ሁሉ አብሮት እዚያ ቤት ይገባል። አውራ ጣቱን ሚዩቱ ላይ አሳረፈ።

«ያ ረቢ፣ ልጃችንን ከሐራም ጠብቅልን!»

አነሳው። ልክ ያን ጊዜ ፕሬሪ ላንተርን በውስጠኛው መስመር ሾልካ ወጣች። አስተዋዋቂው ስሟን በማይክራፎን እየደጋገመ ጮኸ፣ ሰዉ በሙሉ ተነሳ፣ ጭቃው ወደ ላይ ተፈናጠረ። ሰዒድ ዓይኑ ከእሷ ላይ አልነቀል አለው። አንገቷን አሰገገች፤ ቀደመች፤ ማንም አልደረሰባትም።

«አሚን!» አለ። «አሚን!» ሁለተኛው ከደረቱ ነው የወጣው፤ ጎኑ የቆሙት ሰዎች እስኪዞሩ ድረስ።

ጩኸቱ ሁሉ በስልኩ እዚያ ቤት ገባ። እትዬ መዲና ራቅ ብለው «ምንድን ነው ይሄ ጩኸት? የት ሆኖ ነው?» ሲሉ ተሰማ።

ጥቂት ቆይቶ የከሚላ ድምፅ መጣ፤ ከጓዳው በር ላይ መሆን አለበት። «ኤርፖርት ነው እማ። ፍላይት አናውንስ እያደረጉ ነው።»

እህቷ ሩሚሳ እልልታውን አቀለጠችው። ስልኩ ተዘጋ። ሰዒድ የሰው ግፊያ መሐል ቆሞ ያን አሚን ደግሞ ደጋግሞ አሰበው። ለዱዓው ነው ወይስ ለፈረሷ? እግዜር ያሳያችሁ፣ እሱም አላወቀውም።

መልእክቱ የደረሰው ወዲያው ነው። «ለእማ ኤርፖርት ነው አልኳት። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። አሁኑኑ ና።»

ሰዒድ ትኬቷን ሳይመነዝር ወጣ። መንገዱን ሁሉ የሚላትን ሲያዘጋጅ፣ ሲያፈርስ፣ እንደገና ሲያዘጋጅ ነዳ። ሞንተሬይ ፓርክ ሲደርስ የምሽቱ ፀሐይ የቤቶቹን መስኮት ሁሉ አብርታዋለች፤ የጋሼ ጥላሁን መኪና በሩ ላይ እንደ ቆመ ነው። ከሚላ አረንጓዴ ቀሚሷን እንደለበሰች ወጣች። ለዛሬ ብላ ያሰፋችው ቀሚስ ነው፤ ለወራት ስታወራለት የነበረው። እንዲህ ታምራለች ብሎ አላሰበም። ዓይኗን ግን አልሰጠችውም። የፊቱን በር ከፈተላት፤ አልፋው ሄዳ የኋላውን ከፍታ ገባችና መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አደረገችው።

«ፊት ነይ፣ ከሚላ።»

«አይ። ቦታዬ እዚህ ነው።»

በመስታወቱ ተያዩ። እሱ ነው ቀድሞ ዓይኑን የሰበረው።

«አሸነፍክ?»

«ከሚላዬ፣ ስሚኝ…»

«አሸነፍክ ወይ ነው ያልኩህ።»

«አዎ።»

ራሷን ነቀነቀች። «አባዬ ተሸንፎ ሲመጣ ዝም ይላል። ቤት እንሄዳለን። ሲያሸንፍ ግን አይስክሬም ይገዛልኝና 'ዋን ሞር የኔ እመቤት፣ ዋን ሞር' ብሎ ይመለሳል። ስለዚህ ዱዓ አደርግ ነበር፣ ዩ ኖው? ትንሽ ልጅ ሆኜ፣ እዚህ ቁጭ ብዬ፣ አባዬ እንዲሸነፍ ዱዓ አደርግ ነበር።»

«ሃያ ዶላር ብቻ ነው እኮ» አለ። ቃሉ ከአፉ ሳይወጣ ተጸጸተ።

«ስለ ሃያ ዶላር ነው እንዴ የማወራህ?» አለች። «እማን ዋሸኋት! ሁሉም እልል ሲሉ እኔ ምን እያደረግኩ ነበር? ካቨር እያደረግኩልህ! እማ ለአባዬ ምን ትል እንደነበር ታውቃለህ? 'ኦቨርታይም ነው ልጆች፣ አባታችሁ ኦቨርታይም ነው።' ዕድሜዋን በሙሉ። አንዴ እንኳን እንደሷ አልሆንም ብዬ ነው ያደግኩት። ዛሬ ኢንጌጅድ ሆኜ ገና አምስት ሚኒት ሳይሞላኝ እሷን ሆንኩ። አንተ ነህ ያደረግከኝ፣ ሰዒድ።»

ሰዒድ መሪውን ይዞ አለቀሰ። ያዘጋጀው ነገር ሁሉ ጠፋው። የቀረው አንድ ነገር ነበር፤ እሱን ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው እስከ መቃብሩ ይዞት ሊሄድ ይችል ነበር። «አንድ ነገር ልንገርሽ» አለ። «መጨረሻ ላይ አሚን ያልኩት… ፈረሷ ቀድማ ነበር። ለዱዓው ይሁን ለእሷ አላውቅም። ወደኋላ ሄጄ ሳስበው ሳስበው አላውቅም።»

ሲዞር ከሚላ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

«ለምን ነገርከኝ?» አለች በመጨረሻ። «ይሄንን እኮ አላውቅም ነበር።»

«ስላልታወቀብኝ ነው የነገርኩሽ።»

ከዚያ በቀስታ «ለእኔ ብቻ አይደለም መናገር ያለብህ» አለች። «ጋሼ ጥላሁን ውስጥ ናቸው። ስላንተ ምን እንዳሉ ሰምቻለሁ። 'እንደ ልጄ አውቀዋለሁ' ነው ያሉት።»

«ከነገርኳቸው አጣሻለሁ።»

«ካልነገርካቸውም ታጣኛለህ። ቆይተህ ነው እንጂ።» በሩን ከፍታ ወረደች፤ ቀሚሷን በእጇ ሰብስባ ወደ ቤት ስትሄድ ዞር ብላ አላየችውም፤ የቤቱን በር ግን ስትገባ አልዘጋችውም። ሰዒድ ያን የተከፈተ በር አየና እየፈራ ከመኪናው ወረደ።

ጫማውን አውልቆ ገባ። ሰምቡሳው፣ ቴምሩ፣ ሩዙ ገና ጠረጴዛው ላይ ነው። ወጉን ጥሶ የመጣውን ሙሽራ ሲያዩ ሳቁ። «ኧረ እዩልኝ! አላስቻለውም!» አሉ ጋሼ ጥላሁን። «ስንት ልፋት የለፋንበትን ወግ አፈረሰው! ና፣ ና ቁጭ በል፣ ዛሬስ እንምርሃለን።» ጎናቸው ቦታ ለቀቁለት። ከዚያ ፈገግታ ይልቅ በጥፊ ቢመቱት ይሻለው ነበር።

ሰዒድ አልተቀመጠም። እትዬ መዲና ፊት ተንበረከከ። ከኪሱ ትኬቷን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«እትዬ፣ ኤርፖርት አልነበርኩም» አለ። «ፈረስ ሜዳ ነበርኩ። እነ ጋሼ እዚህ ሆነው ስለ እኔ ሲናገሩልኝ እኔ እዚያ ቁማር እየተጫወትኩ ነበር። ጋሼ ጥላሁን ጠይቀውኝ ነበር፤ ስቄ ዋሸኋቸው። እሳቸው ምንም አያውቁም። ዱዓ ሲደረግ አሚን ያልኩትም…» ቀና ብሎ እያያቸው ጨረሰው። «ፈረስ እያየሁ ነው።»

ሩሚሳ የያዘችውን ሳህን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ጋሼ አብዱራህማን ዓይናቸውን ምንጣፉ ላይ ጣሉ። ጋሼ ጥላሁን ብርጭቋቸውን አስቀመጡና ተነሱ፤ እንደዚህ ያለ ዝግታ ሰዒድ አይቶባቸው አያውቅም። የተነሱት ግን ወደ እሱ አልነበረም።

«ወይዘሮ መዲና፣ ይቅር ይበሉኝ» አሉ። «ያላየሁትን ነው የመሰከርኩት። በዚህ ዕድሜዬ ቤትዎ ገብቼ ዋሽቻለሁ።»

«ጋሼ፣ እርስዎ አይደሉም! እኔ ነኝ!» አለ ሰዒድ። እሳቸው ግን አልሰሙትም፤ ባርኔጣቸውን እየፈለጉ ነበር። ሽማግሌው በእሱ ጥፋት አንገታቸውን ደፍተው ይቅርታ ሲለምኑ ማየት፣ የዚያን ማታ ቅጣት ይሄ ነበር። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ቀላል መሰለው።

እትዬ መዲና ትኬቷን አንስተው አገላብጠው አዩዋት። «እንዲህ ያለ ወረቀት ከልብስ ማጠቢያው ውስጥ ነበር የማገኘው» አሉ። «ረጥቦ፣ ላሽቆ። ከይማም ኪስ።» ቀና አሉ። «አሸነፈች?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«የይማምም የመጀመሪያዋ አሸንፋለት ነበር።»

ወረቀቷን መልሰው አስቀመጡ። ጉንጫቸው ላይ እንባ ይወርዳል፤ አልጠረጉትም። «ይማም እንዲህ አንድ ቀን ደጄ ላይ መጥቶ 'መዲና፣ እዚያ ነበርኩ' ቢለኝ…» አሉና ተዉት። «አላለኝም። እስኪሞት ድረስ አላለኝም። ኦቨርታይም ነው እንዳለኝ ሄደ።»

ከዚያ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። «ልጄ፣ ዛሬ የሰጠሁትን ዛሬ መልሼ ወስጃለሁ። ዱዓውን ግን አልመልሰውም፤ እሱ የእኔ አይደለም። ሌላ ቀን የምትመጣ ከሆነ እነዚህን ትላልቅ ሰዎች ይዘህ አትምጣ። ዋስ አልፈልግም። አንተው ና፣ አንተው ስለ ራስህ ተናገር። ያኔ አይሃለሁ።» ወደ ጋሼ አብዱራህማን ዞሩ። «በሉ ጋሼ፣ ዱዓ አድርጉለትና ይሂድ።»

ጋሼ አብዱራህማን እጃቸውን አነሱ። ጋሼ ጥላሁንም ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ባሉበት ቆሙ።

«ያ ረቢ» አሉ ጋሼ አብዱራህማን፣ አሁን ቀስ ብለው። «ልጃችንን ከሐራም ጠብቅልን።»

ያው ቃል ነው። ማንም ቀድሞ አሚን አላለም፤ ሁሉም እሱን ጠበቁ። ሰዒድ እጁን ዘርግቶ ከንፈሩን አላቀቀ። ፈረስ የለ፣ ጩኸት የለ፣ የሚደበቅበት ነገር የለ።

«አሚን» አለ።

ከጓዳው በር ኋላ፣ በለቅሶ የታፈነ ድምፅ ተከተለው። «አሚን።» የከሚላ ነው። ሰዒድ ራሱን ወደ ምንጣፉ ደፋ። ያን አሚን እንደማይገባው ያውቃል። እንዲህ የከበደ ነገር በሕይወቱ ተሰጥቶት አያውቅም ነበር።